ከዛጎል ጥልፍ ጋር የመጣች ቀሚስ

"አበልጄ! አበልጄ ኤቫሪስቶ!"

ሴትዮዋ የዓሣ መጥበሻዋን ትታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ጠረጴዛቸው ሮጠች። ኤቫሪስቶ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አወረደ። አሁን ማን ይሙት፣ ኮፍያ ምን ይሸፍናል?

ሚስቱ ኦቲሊያ ሹካዋን አስቀመጠች። ለዚህች ሽርሽር ስትል በሚኖሩባት በፑዌብላ ዓመቱን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ከርማለች። የጋብቻቸውን በዓል ጸጥ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ወስዳ ልታከብርለት፣ የሚሄዱበትን እስከ አውቶቡሱ በር ድረስ ደብቃው ነበር። ከተማዋ ላስ ጋርሳስ መሆኗን ሲሰማ "ሆዴን አመመኝ" አለ። ከደረሱም በኋላ ከክፍሉ አልወጣ ብሎ ዛሬ በስንት ልመና ነው ያወጣችው። እሷ ደግሞ የመንገድ ድካም መስሏት ሎሚ በጨው ስታጠጣው ነበር፤ ምስኪን!

"የት ነው የምትተዋወቁት?" አለች።

"ተሳስታ ነው። ሰው መስያት ነው" አለ ኤቫሪስቶ።

"ምን? አምና ለትንሣኤ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ማን ሆነና ነው?" ሴትዮዋ ወገቧን ያዘች። ፍሮሲና ትባላለች፤ አበልጅ ካዳት ማለት ደግሞ ለሷ ከጥፊ ይብሳል። "አመድ አፋሽ አደረግከኝ እኮ!"

ጩኸቷን የሰሙ ልጆች ከአሸዋው ላይ እየሮጡ መጡ። በእኛ በላስ ጋርሳስ የክርስትና አባት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ለልጆች ሳንቲም ይበትናል። ቦሎ እንለዋለን። አሳምሮ የበተነን ሰው ልጆቹ መቼም አይረሱትም፤ ኤቫሪስቶ ደግሞ አምና እጁ ተፈትቶ ነበር።

"ክርስትና አባት! ቦሎ! ቦሎ በትንልን!"

"ዘንድሮ ኪሱ ተቀዷል!" አለች አንዷ፣ ሌሎቹም አውካኩ።

ኦቲሊያ ይህን ሁሉ እያየች እንኳ ክፉ ለመጠርጠር ልቧ እሺ አላለም። ክርስትና ማንሳት ምን ነውር አለው፣ መደበቁ ነው እንጂ፣ አለች በሆዷ። አምና ለትንሣኤ ግን ጭነት ይዤ ወደ ሰሜን እሄዳለሁ ብሎ ነበር ከቤት የወጣው።

ፍሮሲና ትኩር ብላ አየቻትና ፊቷ በራ። "ቆይ፣ ቆይ! አንቺ የኔሊዳ እህት ነሽ! ዓይናችሁ እኮ ቁርጥ አንድ ነው። ምነው አበልጄ፣ እህቷን ይዘህ ስትመጣ ሚስትህን የት ጣልካት?"

ኔሊዳ ኦቲሊያ እንደ ልጇ ያሳደገቻት ታናሽ እህቷ ናት። እነሱ እስኪመለሱ የልብስ ስፌት ሱቁን የምትጠብቀውም እሷው ናት።

"ፍሮሲና፣ በቃ" አለ ኤቫሪስቶ።

"ለምን ይበቃል? እህቷን ላመስግንላት!" ወደ ጓዳ ገብታ አንዲት ነጭ የሕፃን ቀሚስ ይዛ ወጣች። እዚህ የክርስትናዋን ቀሚስ የምታመጣው የክርስትና እናት ናት። "በገዛ እጇ ሰፍታ ነው ያመጣችልኝ። ኮሌታው ላይ ያሉትን ዛጎሎች እይልኝ እስቲ! ምን ዓይነት እጅ ነው?"

ኦቲሊያ ቀሚሷን ተቀበለች። ዛጎሎቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ኔሊዳ "ለጓደኛዬ ልጅ ነው፣ እታለም" ብላ ብትለማመጣት፣ ኦቲሊያ የደንበኛ ሥራ አቁማ፣ ቀሚሷን ራሷ ሰፍታ የጠለፈቻቸው ናቸው። ኔሊዳ "ስለት አለብኝ" ብላ ስትነሳ ቀሚሷን አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ የከተተችላትም ራሷ ናት። ስንቅ ሳይቀር ቋጥራላታለች! ባልስ ይሁን፣ ባዕድ ነው ይባል። እህት እንዴት እንዲህ ታደርጋለች?

"ኦቲሊያ፣ ላስረዳሽ..."

"በእኔው መርፌ፣ ኤቫሪስቶ?" አለች። "ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሚስቴ ናት ብለህ ስታቆማት፣ የእኔን ሥራ አሲዘህ?"

"ኧረ አፈር ልብላ!" አለች ፍሮሲና፣ አፏን በሽርጧ ይዛ። አሁን ገባት። ልጆቹም አንድ በአንድ ወደኋላ አፈገፈጉ።

ይኼኔ የኦቲሊያ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። የኔሊዳ ሳቂታ ፎቶ ብቅ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ወዬ፣ የኔ ዓለም" ብላ ነበር የምታነሳው። ስልኩን አንስታ ለባሏ ዘረጋችለት።

"ያንተ ነው። ሚስትህ ናት።"

ኤቫሪስቶ ተቀበላት፤ ለማንሳት ግን አልደፈረም። ስልኩን እንደያዘ ተነስቶ በአሸዋው ላይ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው አቅጣጫ ሄደ። ኦቲሊያ ዞር ብላ አላየችውም። እንባዋን በመዳፏ ጠራርጋ ቀሚሷን በሥርዓት አጠፈችና ለፍሮሲና መለሰችላት።

"የሰፋኋት እኔ ነኝ" አለች። "የሱን ሳህን አንሺልኝ። እኔ እስከ እሁድ እዚሁ ነኝ።"

ፍሮሲና ቀሚሷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘች።

"እሺ፣ አበልጄ" አለችና ሳህኑን አነሳች።