ቀፎ የገባው ጉድጓድ ቆፋሪ

በቦንጋ ዝናብ የማይሻግት ነገር የለም። ጫማ ይሻግታል፣ ቀበቶ ይሻግታል፣ የግድግዳ ሰዓት ሻግቶ ጊዜው አረንጓዴ ሲሆን አይቻለሁ። አንድ የማውቀው ደላላ ገዢ ሲጠብቅ ክረምቱን ሙሉ ከአንድ በረንዳ ሳይነቃነቅ ከርሞ ጺሙ ላይ እንጉዳይ በቅሎበታል። እንጉዳዩን ግን ሸጦታል። ይኼን ባታምኑኝ አልቀየምም። የቪዲዮ ካሴት ከሁሉ ቀድሞ ይሻግታል ስላችሁ ግን እመኑኝ፤ ካላመናችሁ ጋሽ ጣሰውን ጠይቁ።

ጋሽ ጣሰው ከግብርና ጽሕፈት ቤት በጡረታ የወጡ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ያኔ ቪዲዮ ቤቶች አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ ሌላው ሰው አግዳሚ ወንበሩን ለመግዛት ሲሻማ እሳቸው ካሴቱን ገዙ። የህንድ፣ የቻይና፣ የካውቦይ፣ ድምፅ የሌለውንም ጭምር፤ ያረጀ ይሁን እንጂ አይመርጡም። «አሁን እኮ ሁሉም ስልክ ላይ አለ» ሲሏቸው፣ «ስልክ ላይ ያለው የስልኩ ነው፤ ይኼ የኔ ነው» ይላሉ። የቪዲዮ ማጫወቻ ዴኩን ከማስነሳታቸው በፊት ክዳኑን ከፍተው ውስጡን አልኮል በነካ ጥጥ ይጠርጉታል፤ የሕፃን አፍንጫ እንደሚጠርግ ሰው ቀስ ብለው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የምንሰበሰበው አራት ነን፤ እሳቸው፣ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ሱሩር፣ የጋሽ ሱሩር ሚስት እትዬ ራሕመት፣ እና እኔ። እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ማሙሽ ይሉኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ባጃጄ ትበላሻለች። የምትበላሸውም ሁልጊዜ ጋሽ ጣሰው በር ላይ ነው።

ከካሴቶቹ ሁሉ የጋሽ ሱሩር የሆነው አንድ ብቻ ነው። ዴክ ስለሌላቸው ካሴታቸው ጋሽ ጣሰው ቤት ይኖራል። ስሙ ከላዩ ተልጦ ጠፍቷል፤ እኛ «ጉድጓድ ቆፋሪው» እንለዋለን። ጥቁርና ነጭ የህንድ ፊልም ነው። ጋሽ ሱሩርና እትዬ ራሕመት በተጋቡ ሰሞን ቪዲዮ ቤት ገብተው ያዩት እሱን ነበር፤ ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ ገዙት። ከሌላው እንዳይቀላቀል እትዬ ራሕመት በቀይ ጨርቅ ቁራጭ አስረውታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በልጅነታቸው ይጠፋፋሉ። አንዱ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ሌላው የመሬት ጌታ ይሆናል። ጌታው ወንድሙ መሆኑን ሳያውቅ ቆፋሪውን ይቀጥረዋል። መጨረሻ ላይ አፈሩ በቆፋሪው ላይ ይናዳል፣ እናትየው እየሮጠች ትደርሳለች፣ ጌታው ራሱ ገመድ ይጥላል። ገመዱ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ በረዶ መጣል ይጀምራል። ክሩ እዚያ ላይ አልቆለታል። ባልና ሚስቱ መጀመሪያ ባዩት ዕለትም እዚያችው ላይ ሲደርስ መብራት ሄዷል።

«ወጥቷል» ይላሉ ጋሽ ሱሩር። «ገመዱ ሲወጠር በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንተ ያየኸው በረዶውን ነው» ይላሉ ጋሽ ጣሰው። «ሰውየው እዚያው ቀርቷል። ሙዚቃው የቀረ ሰው ሙዚቃ ነው።»

«እኔን የሚያሳዝኑኝ ገመዱን የያዙት ናቸው» ይላሉ እትዬ ራሕመት። «ይኼን ሁሉ ዓመት ይዘው ቆሙ።»

አንድ ቀን እኔ በሌላ በኩል ቆፍሮ ሱዳን ወጥቷል ብላቸው ሁለቱም አኮረፉኝ። በሌላ ነገር እንዲያ ተስማምተው አይቻቸው አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ሻጋታው ባሰ። ጋሽ ጣሰው ከሰል ሞከሩ፣ ጨው ሞከሩ፣ ካሴቶቹን ሩዝ ውስጥ ቀበሯቸው። ሩዙም ሻገተ። አንድ የቻይና ፊልም ከነነፍሱ ተበላሽቶ ሲጣል እኔ አንስቼ ክሩን መዝዤ ባጃጄ መስታወት ላይ አሰርኩት፤ ስነዳ እንደ ሙሽራ ፈረስ ጋማ ይውለበለባል። ሰው ወፍ ላባርርበት፣ በቆሎዬ ላይ ልዘርጋው እያለ ይለምነኛል፤ አልሰጥም።

በዚያ ሰሞን ዝም ማለት ሲያቅተኝ፣ «ጋሽ ጣሰው፣ ቀፎ ውስጥ የተቀመጠ ነገር እኮ አይሻግትም» አልኳቸው። «አያቴ የሠርጋቸውን ኩታ ቀፎ ውስጥ አስቀምጠው ከስንት ዘመን በኋላ ሲያወጡት ሻጋታ የሚባል አልነካውም። ሚዜዎቹም አብረው ወጡ።»

ጋሽ ጣሰው ከምነግራቸው ሁልጊዜ ግማሹን ያምናሉ። ሚዜዎቹን ተዉና ቀፎውን ያዙ። ማንኪራ ለሚኖረው ወንድማገኝ ለሚባል ንብ አርቢ ልከው ከግንድ የተፈለፈለ ደህና ቀፎ አስመጡ። ከጓሮ በኩል ቆርቆሮው ሥር ሰቀሉት፣ ካሴቶቹን በተርታ አቆሟቸው፣ ክዳኑን ገጠሙ። ጉድጓድ ቆፋሪውን መሐል ላይ፣ የተሻለው ቦታ ላይ አስቀመጡት።

ቀፎው ተፈልፍሎ እስኪመጣ ከርሞ የደረሰው ጾም ሊገባ ሲል ነው። ዘንድሮ ደግሞ የክርስቲያኑና የእስላሙ ጾም ተገናኙ። ጋሽ ጣሰው በሁዳዴ ፊልም አይነኩም፤ ጋሽ ሱሩር በረመዳን አይነኩም። ዴኩ ፎጣ ለበሰ፣ የእኔም ባጃጅ ቅዳሜ ቅዳሜ መሥራት ጀመረች። የጫካው ቡና አበባ አወጣ፣ አገሩ ሁሉ ሸተተ። ከጓሮ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ጋሽ ጣሰው ግን የጎረቤት ወፍጮ መስሏቸው፣ «ይኼ ሰውዬ በጾም እንኳ አያርፍም» እያሉ ይታዘቡ ነበር።

ፋሲካ እንዳለፈ ጋሽ ሱሩርና እትዬ ራሕመት እንኳን አደረሰህ ሊሏቸው መጡ። እኔም ድፎው ስላላለቀ እዚያው ነበርኩ።

«ጣሰው» አሉ ጋሽ ሱሩር፣ «ልጃችን አብራር ወልቂጤ ቤት ሠርቶ ጨርሷል። እሑድ እንሄዳለን።»

«ልትጠይቁት?»

«ልንኖር። ሱቁን አስረክቤያለሁ።»

ጋሽ ጣሰው ድፎውን መቁረስ ቀጠሉ። የሚቆርሱት ግን ለማንም አልነበረም።

«ቅዳሜ ጉድጓድ ቆፋሪውን አንድ ላይ እናየዋለን» አሉ ጋሽ ሱሩር። «ከዚያ ይዤው እሄዳለሁ። ሌላ ከቦንጋ የምወስደው ነገር የለኝም።»

«እኔስ?» አሉ እትዬ ራሕመት።

«አንቺማ እኔን ትወስጂኛለሽ።»

እንግዶቹ እንደወጡ ጋሽ ጣሰው ካሴቱን ሊያዘጋጁ ወደ ጓሮ ሄዱ። ሲመለሱ አንድ ዓይን ብቻ ነበራቸው፤ ሌላው እብጠቱ ውስጥ ገብቷል።

«ማሙሽ፣ ያ ቀፎህ ንብ ገብቶበታል።»

«የኔ ቀፎ?»

«ታዲያ የማን ነው? የሚዜዎቹ ነው?»

ለካ ያንንም ግማሽ ሰምተውታል። «ሱሩር እንዳይሰማ» አሉኝ። «ሰው ያለውን አንድ ነገር አምኖኝ አስቀምጦ፣ ንብ በላው ብዬ ልሸኘው ነው?»

በማግስቱ ባጃጅ እስከምትደርስበት ነድቼ፣ የቀረውን በእግሬ አዝግሜ ማንኪራ ገባሁ። ወንድማገኝ ቡናው ሥር ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። የሆነውን ነገርኩት።

«እስቲ ድገመው» አለ።

ደገምኩለት።

«ሰው ንብ አልገባልኝም ብሎ ሲከሰኝ አውቃለሁ» አለ። «ገባብኝ ብሎ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«እንዴት ገባ? ካሴት ሞልቶት የለም?»

«አጥኜዋለኋ። ንብ የሚወደውን ቅጠል አጭሼ፣ ውስጡን አሽቼ። ሳይታጠን ቀፎ ይሸጣል? ነገ ቀፎው ባዶውን ቢቀር የሚሰደበው የኔ ስም ነው። ጋሽ ጣሰው ለፊልም ነው የምፈልገው መቼ አሉኝ?»

እውነቱን ነው። በኛ አገር ቀፎ የገዛን ሰው ለምንድነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቅዳሜ ወንድማገኝ ቀድሞ መጥቶ የጢስ ችቦውን አዘጋጀ። ምክሩ እንግዶቹ ሳይደርሱ ካሴቱን አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ ምንም እንዳልሆነ ለመምሰል ነበር። ጋሽ ሱሩር ግን የመጨረሻ ቀናቸው ነውና ከሰዓቱ ቀድመው ከች አሉ፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ብስኩት ይዘው፣ እትዬ ራሕመትን አስከትለው።

«ጣሰው፣ ፊትህን ምን ነካው?»

«ጥርሳቸውን ነው» አልኩ እኔ።

«ዓይኑ ላይ?»

«የላይኛው ጥርስ ነው።»

እትዬ ራሕመት ጆሯቸውን ወደ ጓሮው አዘነበሉ። «ይኼ ቤት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያዜመው?» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ጋሽ ጣሰው ሁሉንም ተናገሩ፤ ሻጋታውን፣ ቀፎውን፣ የኔን አያት ሳይቀር። ጋሽ ሱሩር እስኪጨርሱ ሰሟቸው፣ ከዚያም «እስቲ ልየው» ብለው ወደ ጓሮ አመሩ።

ወንድማገኝ ጢሱን እፍ እያለ የቀፎውን ክዳን አነሳ። ንቦቹ ካሴቶቹን እንደ ቤት ግድግዳ ቆጥረው በየመሐሉ ሰፈፍ ሠርተዋል። ካውቦዩ ማር ይዟል፤ ድምፅ የሌለው ፊልም አሁን ድምፅ አለው። መሐል ላይ፣ ንብ ከላይ እስከ ታች እንደ ጋቢ የለበሰ አንድ ካሴት አለ፤ ከሥሩ የቀይ ጨርቅ ጫፍ ብቅ ብሏል።

«እሱ ነው» አሉ እትዬ ራሕመት። «ቋጠሮዬን አውቀዋለሁ።»

«ላወጣው እችላለሁ» አለ ወንድማገኝ። «ግን የንቦቹ እጭ ያለው እሱ ላይ ነው፣ አውራዋ ንብም እዚያው ናት። እሱ ከወጣ ቤቱ ይፈርሳል፤ ምናልባት ነገ አንድም ንብ አታገኙም። ምን ላድርግ?»

«አውጣው» አሉ ጋሽ ጣሰው።

«ተወው» አሉ ጋሽ ሱሩር።

«የራስህ ዕቃ ነው እኮ፣ ሱሩር። ንብ እንኳን ሌላ ይመጣል።»

«ብታወጣውስ? ማር የጠጣ ክር ይጫወታል?»

«እጠርገዋለሁ። በጥጥ እጠርገዋለሁ። አንድ ወር ይፍጅ።»

«እኔ እሑድ ነው የምሄደው።»

«እልክልሃለሁ።»

ጋሽ ሱሩር ቀፎውን አዩ። «ጣሰው፣ እኔ ራሴ ቤት ለቅቄ የምሄድ ሰው ነኝ። ዛሬ ሌላ ሰው አላስለቅቅም። ክደነው፣ ልጄ።»

ወንድማገኝ ክዳኑን ገጠመ። ጋሽ ጣሰው የቀራቸውን አንድ ዓይን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

ሆኖም ቅዳሜ ነበር። ገብተን በየቦታችን ተቀመጥን። ጋሽ ጣሰው ከልምዳቸው የተነሳ ዴኩን ከፍተው በጥጥ ጠረጉት፣ ቴሌቪዥኑንም አበሩት። በረዶ መጣል ጀመረ። ማንም አላጠፋውም።

«መጀመሪያ ወንዙ ነው» አሉ እትዬ ራሕመት። «ልጆቹ ወንዙ ዳር ይጫወታሉ።»

«ፍየሉን ረሳሽው» አሉ ጋሽ ሱሩር። «ፍየሉን ተከትሎ አይደል ትንሹ የጠፋው?»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ፊልሙን አጫወቱት። ዘፈኑ ጋ ሲደርስ እትዬ ራሕመት ዘፈኑት፤ ቃሉን አያውቁትም፣ ዜማውን ግን አንድም ቦታ አልሳቱም። ጡቡን፣ ዝናቡን፣ የጌታውን በትር ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተቀባበሉ አመጡት። እኔ አንድ ነብር ላስገባ ብሞክር ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ነብር የለውም» አሉኝ። ወንድማገኝ ፊልሙን አይቶት ስለማያውቅ ብስኩቱን ይዞ ሳይበላ ቀረ።

አፈሩ ተናደ። እናትየው ደረሰች። ገመዱ ወረደ።

«ከዚያስ?» አለ ወንድማገኝ።

ጋሽ ሱሩር ወደ በረዶው ዞሩ።

«ከዚያ ይወጣል» አሉ ጋሽ ጣሰው።

«አንተ ነህ ይወጣል የምትለው?»

«ገመዱ ሲወጠር አይቻለሁ።»

«የለም» አሉ ጋሽ ሱሩር። «ሳስበው ሳስበው፣ ይቀራል። ግን ታች ደህና ነው። ውሃ አግኝቷል።»

«ይወጣል አልኩህ።»

«ይቀራል።»

«ወይ ይውጣ ወይ ይቅርና እንሂድ» አሉ እትዬ ራሕመት። «ገና ዕቃ አልጠቀለልንም።»

እሑድ ጠዋት መናኸሪያ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ጣሰውም ተጭነው መጡ። ሁለቱ ሰዎች ሚኒባሱ እስኪነሳ ድረስ ስለ መንገዱ ብቻ አወሩ፤ የቱ ጋ እንደተቆፈረ፣ የቱ ጋ ምሳ እንደሚበላ። ከዚያ ሚኒባሱ ሄደ።

ሰኔ ላይ ወንድማገኝ መጥቶ ማር ቆረጠ፤ መሐሉን ሳይነካ፣ ከዳርና ከዳር። ጋሽ ጣሰው የመጀመሪያውን ጣሳ አሽገው ለጋሽ ሱሩር እንድልክ ሰጡኝ፤ መናኸሪያ ወስጄ ለሹፌሩ አስረከብኩ። ያንን ማር የቀመሰ ሁሉ ህንድኛ ያፏጫል እያልኩ በከተማው ሳወራ ሰነበትኩ፤ ግማሹ ሰው አምኗል።

በሳምንቱ ጋሽ ሱሩር ደወሉ። ጋሽ ጣሰው ስልኩን ላውድ ላይ አድርገውት ሰማሁ።

«ጣሰው፣ ማሩ ውስጥ ክር አገኘን። ጥቁር። አንድ ክንድ ይሆናል።»

«የካሴቱ?»

«ሌላ ምን ሊሆን ነው? ራሕመት አጥባ መስኮት ላይ ሰቅላዋለች።»

ጋሽ ጣሰው ተቀምጠው የነበሩት ተነሱ። «ከየትኛው ቦታ ይሆን የተበጠሰው?»

«መጨረሻው ነው። ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት፤ ገመድ የሚመስል ነገር አለበት።»

«የተወጠረ ነው የላላ?»

«ቆይ፣ መነጽሬን ላምጣ» አሉ ጋሽ ሱሩር።

እኔ ተሳፋሪ ይጠብቀኛል ብዬ ወጣሁ። ማር ውስጥ ክር እንዴት እንደሚገባ እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም። ባጃጄ መስታወት ላይ ያለው ክር በአንድ ክንድ ማጠሩንም ልብ ያለ የለም።