ለሚስ ኦዜላ ያነበብኩት ደብዳቤ

ፊደል ያስቆጠሩኝ ሚስ ኦዜላ ፔትዌይ ናቸው። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እሳቸው ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣት አስተማሪ ነበሩ። ዛሬ እኔ ስልሳ አራት ሞልቶኛል፤ እሳቸው ሰማንያ አንድ። በዚህ ሁሉ ዘመን ቤታችን ፊት ለፊት ነው፣ በመካከላችን ያለው አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ።

መንገዳችን ከዩኒቨርሲቲው ስታዲየም በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ይርቃል። ልጅ ሳለሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ የኛው የጥቁሮች ሰፈር ነበር፤ አናጢው፣ የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ሹፌር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን። አሁን ከአሥራ አራቱ ቤት አሥራ አንዱ ለተማሪ ይከራያል። ለዚህ ከተማ ሰው አዲስ ዓመት የሚገባው በጥር ሳይሆን በሐምሌ መጨረሻ ነው። የኪራዩ ውል ሁሉ በአንድ ቀን ያልቅና የሚወጣው ተማሪ አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ሶፋውን መንገድ ዳር ጥሎ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሌላው ይገባል። እኛ ነባሮቹ ይህን ቀን የወንበሮች የገና በዓል እንለዋለን።

ሚስ ኦዜላ በዚያ ቀን ሥራ ይበዛባቸዋል። ትንሽ ጋሪያቸውን እየገፉ መንገዱን ይዞራሉ፤ የተሻለውን ወንበር እየመረጡ ወደ በረንዳቸው ያመጣሉ። የተሰበረውን እግር በማጣበቂያ ይጠግናሉ፣ የቆሸሸውን ያጥባሉ፣ ከዚያ በቤተ ክርስቲያን በኩል ከቤት አልባዎች መጠለያ ለሚወጡ ቤተሰቦች ይሰጣሉ። ሰው መጥቶ እስኪወስደው ድረስ በረንዳው የዕቃ መጋዘን ይመስላል።

ስሜ ሮስኮ ቲስዴል ነው። በዚሁ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት በፖስተኛነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆናት። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሬኒታ ትባላለች፣ ሻርለት ከተማ ነው የምትኖረው። ባለፈው ነሐሴ ደወለችልኝ።

"አባዬ፣ የጁሊያን ወላጆች ሊተዋወቁህ ይፈልጋሉ። መስከረም ላይ፣ እሑድ ለምሳ ይዘናቸው ብንመጣስ?"

"ኑ እንጂ። ምን ይበላሉ?"

"ያቀረብክላቸውን። ደግሞ እንዳትጨነቅ።"

እንዳትጨነቅ ካለችኝ ሰዓት ጀምሮ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ጁሊያን እጮኛዋ ነው፤ አባቱ ዳኛ፣ እናቱ የልብ ሐኪም ናቸው። የፊት በሬን ቀለም ቀባሁ። አጥሩን ከረከምኩ። አዲስ መጋረጃ ሰቀልኩ። ይህን ሁሉ ጨርሼ እንግዶቹ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ የሚስ ኦዜላ በረንዳ ተገትሯል፤ አሥራ ዘጠኝ ወንበር፣ ሦስት ሶፋ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ፍራሽ። ስልሳ ዓመት ሳየው የኖርኩትን ቤት ያን ቀን በዳኛውና በሐኪሟ ዓይን አየሁት፤ ፊቴ ጋለ።

መንገዱን ተሻግሬ "ሚስ ኦዜላ፣ እንግዳ ይመጣብኛል፣ ለአንድ እሑድ ዕቃውን ወደ ጓሮ እናዙረው" ብላቸው ኖሮ እየሳቁ ያግዙኝ ነበር። ያን ለማለት ግን በሳቸው ማፈሬን በአፌ ማውጣት ነበረብኝ። አልሆነልኝም። ስልኩን አንስቼ ለከተማው ደንብ ማስከበር ቢሮ ደወልኩ።

"በረንዳው ላይ አሮጌ ዕቃ የተከመረበት ቤት አለ" አልኩ። "ለእሳት ያሰጋል። አይጥም ያራባል።"

አንድም ቀን አይጥ አይቼ አላውቅም።

"የጠቋሚውን ስም ልመዝግብ?" አለችኝ ልጅቷ።

"አያስፈልግም" አልኩ።

ሚስ ኦዜላን የዓይን ሞራ ካስቸገራቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ትልልቁን ያያሉ፣ ጽሑፍ ግን አይለይላቸውም። ስለዚህ በየሐሙሱ የሳምንቱን ደብዳቤ በከረጢት ይዘው ይመጡና እኔ አነብላቸዋለሁ። ስልክ በደወልኩ በሳምንቱ እንደ ልማዳቸው መጡ። የመብራቱን አነበብኩ። የእኅታቸውን ልጅ ካርድ አነበብኩ። ሦስተኛውን ስከፍት የከተማው ማኅተም አለበት። "ከአካባቢው ነዋሪ በደረሰን ጥቆማ መሠረት" ይላል። ከሥሩ የራሴ ቃል ተጽፏል፤ ለእሳት የሚያሰጋ፣ አይጥ የሚያራባ። በአሥር ቀን ውስጥ ካልተነሳ ከተማው መጥቶ ያነሳዋል።

"እሱ ደግሞ ምን ይላል?" አሉኝ።

ካነበብኩት "ማን ይሆን የጠቆመው?" ብለው ፊቴን ሊያዩ ነው።

"ለሁሉም ሰው የሚላክ ነው" አልኩ። "ስለ ቆሻሻ ማውጫ ቀን።"

"ተቀየረ እንዴ?"

"አልተቀየረም። ያው ረቡዕ ነው።"

"ታዲያ ያልተቀየረውን ምን ያጽፋቸዋል? ወረቀት ተርፏቸው ነው መቼም" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደብዳቤውን አጥፌ ከረጢታቸው ውስጥ መለስኩት።

አሥር ቀን ረጅም መስሎኝ ነበር። አንድ ዘዴ እፈጥራለሁ፣ ዕቃውን ራሴ አዞረዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ቀኑ አለቀ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መጣ፤ ከኋላው እየጨፈለቀ የሚውጥ ዓይነት። ሁለት ጓንት ያጠለቁ ሰዎች ወረዱ።

"ደብዳቤ ልከናል እኮ፣ እማማ" ይላቸዋል አንዱ በትሕትና።

"እኔ ዘንድ የደረሰ ደብዳቤ የለም። ያ ሁሉ የሰው ነው፤ ቅዳሜ የሚወስዱት ቤተሰቦች አሉ።"

እኔ ከአዲሱ መጋረጃዬ ኋላ ቆሜ ነበር። ሚስ ኦዜላ ለፓስተሩ ሊደውሉ ወደ ቤት ሲገቡ ሰዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከተማሪ የተለቀመውንና የቤቱን ከየት ለይተው ያውቁታል? የሟቹን የባለቤታቸውን የኩርቲስን ተወዛዋዥ ወንበር ከሌላው ጋር አንስተው ወረወሩት። ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ተሻግሬ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሚስ ኦዜላ ባዶው በረንዳ ላይ ቆመው አጠገባቸው ወዳለው የተማሪዎች ቤት ያያሉ። ያለፈው ቅዳሜ የእግር ኳስ ቀን ነበር፤ የተማሪዎቹ እንግዶች መኪናቸውን የሚስ ኦዜላ አበባ ላይ ስላቆሙ እሳቸው ተቆጥተው ነበር።

"እነዚያ ልጆች ናቸው" አሉ። "በቁጣዬ ቂም ይዘው።"

አይደሉም ማለት እችል ነበር።

"ማን ያውቃል" አልኩ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሃዲ ላንግስተን ትባላለች፤ ከግዛታችን ደቡብ የመጣች የኦቾሎኒ ገበሬ ልጅ፣ ነጭ፤ ዘንድሮ ውሏን አድሳ እዚያው የቆየች። ዓመት ሙሉ በየረቡዑ የሚስ ኦዜላን የቆሻሻ በርሜል ታወጣላቸው ነበር። መጀመሪያ አካባቢ እሳቸው ከመስኮት እያዩ ዝም ይሏታል። ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ጀመሩ፣ ከዚያ የበለስ ማርማላታ በጠርሙስ ሰጧት፣ በስተመጨረሻ በረንዳ ላይ አብረው ሲቀመጡ ማየት ለመድኩ። ያን ረቡዕ ሃዲ በርሜሉን ልትይዝ ስትል ድምፃቸውን እኔ ቤት ድረስ ሰማሁት።

"ተይው። ከዛሬ ጀምሮ ግቢዬን እንዳትረግጪ። ከፊቴ እየሳቅሽ ከኋላዬ ጉድጓድ የምትምሺ ውሸታም ነሽ።"

በማግስቱ ሃዲ በሬን አንኳኳች። ዓይኗ አብጧል።

"ሚስተር ሮስኮ፣ ትንሽ ልረብሽዎት?"

አስገባኋት። ስኳር የበዛበት ቀዝቃዛ ሻይ ቀዳሁላት።

"እኛ አልደወልንም" አለች። "ቤት ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። እሳቸው ግን አያምኑኝም። እርስዎን ያምናሉ። አንድ ቃል ቢነግሩልኝ?"

"እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

"አመሰግናለሁ። በእውነት አመሰግናለሁ።" ብርጭቆውን ጨርሳ ስትነሳ "ሻይዎ ልክ የእናቴን ይመስላል" አለችኝ።

አልነገርኩላትም። ሐሙስ መጣ፣ ደብዳቤ አነበብኩ፤ ሌላ ሐሙስ መጣ፣ አነበብኩ። ከቀትር በኋላ ከዩኒቨርሲቲው የማርሽ ባንዱ ከበሮ ሲለማመድ ይሰማል፤ ሃዲ ቦርሳዋን አዝላ በሚስ ኦዜላ ደጅ በኩል እንዳታልፍ መንገዱን ዞራ ትሄዳለች። እኔ ይህን እያየሁ ሣሬን አጭዳለሁ።

እሑዱ ደረሰ። የተጠበሰ ዶሮ፣ ባሚያና የበቆሎ ዳቦ አቀረብኩ። ዳኛው ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ዶሮውን ደግመው በሉ። የጁሊያን እናት ዶክተር ሲልቪያ ግን ገና እንደገቡ ወደ መስኮቱ ሄዱ።

"ወንበሮቹ የታሉ?"

"የምን ወንበሮች?"

"ሬኒታ ስለ አንዲት ጎረቤትዎ የማትነግረን ነገር የለም" አሉ ዶክተሯ። "ወንበር እየጠገኑ ለቸገረው የሚሰጡ። እኔ ሰው በሰጠን ጠረጴዛ ላይ አጥንቼ ነው ሐኪም የሆንኩት። እሳቸውን ሳላይ አልሄድም ብዬ ነው የመጣሁት።"

ሬኒታ ወደኔ ዞረች። "አባዬ፣ በረንዳው ለምን ባዶ ሆነ?"

"ከተማው ወሰደው" አልኩ። "አንድ ሰው ጠቁሞ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ?" አለች ልጄ።

ዳቦውን አሳለፍኩ።

ከምሳ በኋላ ሁላችንም ተሻገርን። ሚስ ኦዜላ ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ነበር፤ ባርኔጣቸውን እንኳ አላወለቁም። የዶክተር ሲልቪያን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው "ልጅሽ ደህና ቤት ነው የሚገባው" አሏቸው። "ሮስኮን ያሳደግኩትን ያህል ነው የማውቀው። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤዬን ሁሉ የሚያነብልኝ እሱ ነው። አንዲት ቃል አይዘልም።"

ዶክተሯ በአክብሮት አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። በረንዳው ላይ መቀመጫ ስላልነበረ ደረጃው ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። የደወልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ስለ እንግዶቹ፣ ስለ መስኮቱ፣ ሁሉንም።

"አፈርክብኝ" አሉ ስጨርስ።

"አዎ፣ ሚስ ኦዜላ።"

"አልጠላህም። እኔም አንድ ዘመን በገዛ እናቴ አነጋገር አፍሬ አውቃለሁ።" ከዚያ "ቆይ፣ ሰውየው ደብዳቤ ልከናል ያለው..." አሉና አቆሙ።

እዚያ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል፣ አልደረሰም ማለት እችል ነበር።

"ደርሶ ነበር" አልኩ። "ስለ ቆሻሻ ቀን ነው ብዬ ያነበብኩልዎት እሱ ነው።"

እጃቸው የበረንዳውን ደጋፊ ይዟል።

"ማንበብ ያስተማርኩዎት እኔ ነኝ" አሉኝ። "ይሂዱ አሁን፣ ሚስተር ቲስዴል። መጀመሪያ ግን ልጅቷን ፈልገው ይንገሯት። እኔ ያልኳትን እኔ እነግራታለሁ፤ የርስዎን እርስዎ።"

በሕይወቴ አንቱ ብለውኝ አያውቁም። በስድብ ቢያጥቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሃዲን ቤቷ አጣኋት፤ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለዚያ ዩኒቨርሲቲ ፖስታ ሳደርስ ከዕቃ መቀበያው በር አልፌ አላውቅም ነበር። ገብቼ ስጠይቅ አንድ ልጅ ወደ መጻሕፍት መመለሻው ጠረጴዛ አመለከተኝ። ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ሰው እየሰማ ነገርኳት።

ሃዲ በእጇ የያዘችውን መጽሐፍ አስቀመጠች።

"ቤትዎ መጣሁ እኮ" አለች። "ሻይ ሰጡኝ።"

"አዎ።"

"እነግራቸዋለሁ አሉኝ። ሁለት ጊዜ አመሰገንኩዎት።"

"አዎ፣ ልጄ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"አሁን አልችልም፣ ጌታዬ" አለች በጨዋ ደንብ። "ከኋላዎ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ያን ቀን ማታ ለሬኒታ ደወልኩ። ሰምታ ስትጨርስ "እሺ አባዬ" ብላ ዘጋች። ሁለት ሳምንት አልደወለችም።

ሚስ ኦዜላ በራሳቸው እግር የተማሪዎቹ ቤት ሄደው ሃዲን ይቅርታ ጠየቁ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ የምታነብላቸው እሷ ናት። እኔም የአናጢውን ልጅ ለምኜ ተወዛዋዥ ወንበር አሠርቼላቸው ነበር፤ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ሚስተር ቲስዴል" ብለው ተቀበሉና ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሰጡት።

ሠርጉ ሚያዝያ ላይ እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን ሆነ። ሬኒታ ሚስ ኦዜላን ራሷ ሄዳ ጠርታቸው ነበር፤ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ከሻርለት የመጣ አንድ እንግዳ ጎንበስ ብሎ "ከሙሽራዋ አባት ጋር ምን ትሆናላችሁ?" ሲላቸው ከኋላ ቆሜ ሰማሁ።

"ጎረቤታሞች ነን" አሉ።

ዞረው አላዩኝም። እኔም መዝሙሩ ሲጀመር ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።