ተራ የሚለቅ ሥራ

ሰላም ሲሏት እንኳ መሬት መሬት ስለምታይ ሰፈሩ ሁሉ «ጭምቷ» ይላታል። ያን ቀን ጠዋት ግን ታላቅ ወንድሟን የምትለምነው ነገር ነበራት። የሣለችው የካርቱን ፊልም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለውድድር መላክ አለበት፤ ኮምፒውተሩ ሥዕሎቹን ወደ ፊልም ለመቀየር ገና ሁለት መቶ ምስል ይቀረዋል። ያለው ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወንድሟ በፎቶ ቤቱ ጉርድ ፎቶ የሚያዘጋጅበት። ባለፈው ሳምንት ፊልሟን ስትጭንበት ኮምፒውተሩ ደንበኛ ፊት ቀጥ ብሎ ስለቆመ፣ ሁለተኛ እንዳትነካው ተነግሯታል።

«ጋሼ፣ ዛሬ በአሥራ ዘጠኝ ነው የማስኬደው።»

«ባለፈው በስንት አስኪደሽው ነው ጉድ የሠራን?»

«በዜሮ።»

«እንግዲያው ዛሬ ቤቱን ልታቃጥዪው ነዋ!»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። ለኮምፒውተሩ የሚሰጠው ቁጥር ሲጨምር የሚጨምረው የሥራው ትሕትና ነው። በአሥራ ዘጠኝ የታዘዘ ሥራ ለመጣው ሁሉ «ይቅደሙ» እያለ ተራውን ይለቃል፤ ሌላው ሲያርፍ ብቻ ይሠራል። ወንድሟ «ቁርጥ አንቺን ነው» አላት። አንዴ ከተንቀራፈፈ ግን እንደሚያጠፋው አስጠንቅቆ ፈቀደ።

የትምህርት ቤት ምዝገባ ሰሞን ስለነበር ሰልፉ እስከ ደጅ ደርሷል። ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ፈጠነ፤ ወንድሟም የፊልሙን ነገር ረሳው። እሷ ግን ጥግ ላይ ሆና ስክሪኑ ላይ ያለቁትን ምስሎች ቁጥር ትከታተል ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት የተሠራው አርባ ምስል ብቻ ነው። ወንድሟ ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን በኮምፒውተሩ ባጸዳ ቁጥር የእሷ ሥራ ገለል ይላል።

ያኔ አንድ ወፍራም መምህር በርጩማው ላይ ተቀምጠው ከክራቫታቸው ጋር ትግል ገጠሙ። ወንድሟ እጁን አጣጥፎ ጠበቃቸው። ቁጥሩ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት አለ።

ዘዴው ገባት። ማበጠሪያ አንስታ ብድግ አለች።

ለአንዱ ኮሌታ አቃናች፣ ለሌላዋ ነጠላ ፀጉር ከግንባሯ አነሳች፣ አዝራሩን አዛንፎ የቆለፈውን ሕፃን ፈትታ እንደገና ቆለፈችለት። ጉንጯ እሳት ሆኗል፤ አፏ ግን አላረፈም። ከሰልፉ አንዷ፣ ጉርድ ፎቶ ነው ወይስ ሙሽራ ልትድሩ ነው ብላ አሽሟጠጠች። ወንድሟም ጎንበስ ብሎ፣ «ዛሬ ምላስሽን ማን ፈታው?» አላት።

«እነሱ ሲያበጥሩ የፎቶው ሥራ ያርፋል፣ የእኔ ይሠራል» አለች በሹክሹክታ።

ቁጥሩን አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ ወደ ካሜራው ተመለሰ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል አሥራ ሁለት ምስል ቀረ። በርጩማው ላይ የመጨረሻው ደንበኛ ተቀመጡ። ራሳቸው መላጣ፣ ኮሌታቸው የተተኮሰ። ማበጠሪያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች።

ወንድሟ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ ፈገግ ይበሉ እስቲ... እሱን አይደለም፣ በወጣትነትዎ የነበረውን።»

ሽማግሌው የወጣትነታቸውን ፈገግታ ለማግኘት የሕይወት ታሪካቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ወንድሟ በጥያቄ ላይ ጥያቄ ጨመረላቸው። ቁጥሩ ሁለት መቶ ሲሞላ ጭምቷ ኮምፒውተሩ ላይ ተወረወረች፤ ወንድሟም ከኋላዋ ቆመ። ለአሥራ አንድ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው «ተልኳል» የሚለው ጽሑፍ ብቅ አለ። ወንድሟ ከመሬት አንስቶ አሽከረከራት።

«ልጆቼ» አሉ ሽማግሌው ከበርጩማው ላይ፣ «ፈገግታውን አግኝቼዋለሁ፤ ካሜራው የታለ?»