የሂነርክ ዝዮች

"የወንድምዎ ግቢም ወፎች ከሚወገዱበት ክልል ውስጥ ነው" አለች የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ታመን፣ ጣቷን ከካርታው ላይ ሳታነሳ።

የአውራጃው አስተዳዳሪ አልሙት ዲርክሰን መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ባለፈው ሳምንት የሽማግሌው የቮልበርስ ዳክዬዎች በወፍ ጉንፋን ተመትተው እስከ መጨረሻዋ ተወግደዋል። የወንድሟ የሂነርክ ዝዮች ያሉት ከዚያ አጥር ማዶ፣ አንዲት ቦይ ብቻ ተሻግሮ ነበር።

"ታመዋል?"

"እስካሁን ደህና ናቸው። ግን ምልክቱ እስኪታይ ከጠበቅን ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። ሕጉ ይወገዱ ይላል፤ እርስዎ ከፈለጉ ግን የተለየ ፈቃድ መስጠት ይችላሉ።"

"የሌላ ሰው ዝዮች ቢሆኑስ ምን ትመክሪኝ ነበር?"

ሐኪሟ ጣቷን ከካርታው ላይ አነሣች። "ዛሬውኑ ይወገዱ እል ነበር።"

"እንግዲያው ዛሬውኑ ይወገዱ።"

አልሙት እዚህ መሥሪያ ቤት የገባችው ገና በልጅነቷ፣ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጸሐፊ ሆና ነው። ማታ ማታ ሕግ እየተማረች፣ አለቆች ሲሾሙና ሲሻሩ እያየች፣ አንድ አንድ ደረጃ ወጥታ ነው እዚህ ወንበር ላይ የደረሰችው። ለምርጫ ስትወዳደር ከተሜው ፊቱን ሲያዞርባት፣ ገበሬውን መንደር ለመንደር ዞሮ ያሳመነላት ታላቅ ወንድሟ ሂነርክ ነበር። በመጪው ፀደይ ሌላ ምርጫ አለ። ከዚያ በፊት ደግሞ በየቤቱ ዝይ የሚበላበት የቅዱስ ማርቲን በዓል ይመጣል፤ ሂነርክ ዓመቱን ሙሉ የሚለፋው ለዚያ በዓል ገበያ ነው።

ምክትሏ ኮሪደሩ ላይ ተከተላት። "ትዕዛዙን እኔ ልፈርመው። እርስዎ ዛሬ ሐምቡርግ ስብሰባ ነበረብዎት እንላለን።"

"ቮልበርስ ደጃፍ ሄጄ ዓይኑን እያየሁ ነው የነገርኩት። የወንድሜ ተራ ሲደርስ ሐምቡርግ ልሂድ?" አለችና ኮቷን ለበሰች።

ሂነርክ ወሬው ቀድሞ ደርሶት ኖሮ ትራክተሩን በሩ ላይ ገትሮ፣ ዝናቡ እየወረደበት ላዩ ላይ ተቀምጧል።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ክብርት አስተዳዳሪ" አላት።

"ትራክተሩን አንሣው፣ ሂነርክ።"

"አንድም የታመመ የለም። ገብተሽ እዪ።"

"አውቃለሁ።"

"ልትምሪያቸው እንደምትችዪም ታውቂያለሽ። ሕጉን እኔም አንብቤዋለሁ።"

"ምሬ ልተዋቸው እችላለሁ። ግን አልምርም።"

"በጭቃ እየዋኘሁ፣ ደጅ ለደጅ እየለመንኩ ያስመረጥኩሽ ለዚህ ነው?"

"ሁሉንም እኩል ታያለች ብለህ አይደል የለመንክልኝ? ቮልበርስም ያን ሰምቶ ነው ድምፁን የሰጠኝ።"

ሂነርክ ወደ ጎረቤቱ ባዶ ኩሬ አየት አደረገ።

"ምናለ ሌላ ሰው ብትልኪ? ሰድቤው እንኳ ይወጣልኝ ነበር።"

"እኔን ስደበኝ።"

ቁልቁል አያት። ሊሳደብ አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ግን "አንቺ ድሮም ደረቅ ነሽ" የሚል ብቻ ሆነ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ትራክተሩን ወደ ኋላ ሳበው።

ዝዮቹን ሊያስወግዱ የመጡት ነጭ ቱታ የለበሱ ሠራተኞች ከመኪናቸው መውረድ ጀመሩ። ሂነርክ ከትራክተሩ ወርዶ መንገዳቸው ላይ ቆመ።

"እንግዳ ሰው ሲያዩ ይሸበራሉ። እርስ በርስ ተረጋግጠው ነው የሚያልቁት። እኔ ልያዝላችሁ" አላቸው።

የአልሙት ሾፌር የመኪናውን በር ከፍቶ ይጠብቃት ነበር። "ምክር ቤቱ ተሰብስቦ እየጠበቀዎት ነው" አላት።

"ያለእኔ ይጀምሩ በላቸው።"

ከዶክተር ታመን እጅ አንድ ቱታ ተቀብላ፣ መኪናውን ተደግፋ መልበስ ጀመረች።

"ምን ልትሆኚ ነው?" አላት ሂነርክ። "አያያዙን እኮ ረስተሽዋል።"

"ከረሳሁት ታሳየኛለህ" አለችና፣ ከጎኑ ሆና ወደ ዝዮቹ ቤት ገባች።