ጎረቤት ጥሩ ሰው

«አቁሚ! እዚያ ላይ ነው እንዴ ደጋን የሚያዝ?» አለ ታረቀኝ፣ የብርጓልን ክንድ ጨብጦ።

የብርጓል መሰንቆውን ከጭኗ ሳታወርድ ቀና አለች። «ታዲያ የት ልያዘው፣ አያ ታረቀኝ?»

ግጥሙ የራሷ ነበር፤ ጠላ ስትጠምቅ ያወጣችው።

የዘራሁትን ጤፍ አረሙ ጨረሰው፥
ለዚህ የሚበጀው ጎረቤት ጥሩ ሰው።

«የትም አትያዢው። በአንድ ትንፋሽ ጨርሺው። ጥሩ ሰው ማለት ደግ ሰው ነው፤ ደግ ጎረቤት አረም ያግዛል፤ አለቀ። ‹ጎረቤት› ብለሽ ደጋኑን ይዘሽ ካቆምሽ ግን ጎረቤትሽን ‹ሰው ጥሩ፣ ተጠራሩ› እያልሽ ነው። ዘንድሮ አረም ያልሽው ማንን እንደሆነ ደግሞ ያልገባው የለም።»

«እኔስ የምለው እሱን አይደል?»

«እኔ ፊት አትበይውማ!»

ታረቀኝ ከደብረ ማርቆስ አማኑኤል፣ ከአማኑኤል ሮብ ገበያ እየዞረ ሠርግና ክርስትና የሚጫወት፣ በደረሰበት መሰንቆ የሚያስተምር አዝማሪ ነው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ የሚዞረው በይለፍ ወረቀት ነው። ባለፈው ወር አንድ ባልንጀራው በግጥም ተይዞ ሄደ፤ ለሚስቱ የተመለሰላት መሰንቆው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ታረቀኝ አንድ ቤት ረግቶ መቀመጥ አቅቶታል። የብርጓልን እንኳ እንቢ ባላት በወደደ። ባሏ ዱር ገብቶ አምና ሞቶባታል፤ ከተዝካሩ ማግስት ጀምሮ መሰንቆ ካላስተማርከኝ ብላ ይዛዋለች።

ሳይረፍድ ሊወጣ ሲል ዝናቡ ያዘው። ከዝናቡ የሸሸ ገበያተኛ የብርጓልን ጠላ ቤት ሞላው። እሱም ተነስቶ በሩን ያያል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል።

«ምነው፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጥኩህ?» አለችው የብርጓል፤ ሰው ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ አንድ ጣሊያን መቶ አለቃ ጭቃውን እያራገፈ ገባ። አስተርጓሚው ፍሥሐ ተከተለው። ካሚዮናቸው መንገዱ ላይ ተቀርቅሮባቸዋል። ሰው ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀላቸው።

«አዝማሪም አለ!» አለ ፍሥሐ። «ጭቃው ለካ ለበጎ ነው። በል እንጂ፣ ወይስ ጭራው ረጠበብህ?»

ታረቀኝ ስለ ሙሽራ፣ ስለ ፈረስ ተጫወተ። የብርጓል ጠላ እየቀዳች ስታልፍ አጠገቡ ደርሳ ቆመች።

«ተቀበል!» አለችው፤ ግጥሙንም አንድም ቦታ ሳትቆም ሰጠችው።

ታረቀኝ መሰንቆውን አቀና። ተቀበል የተባለ አዝማሪ የተሰጠውን ቃል ሳያጎድል ማዜም አለበት። አልቀበልም ማለት ድሮ ነውር ነበር፤ ዛሬ ግጥሙ ውስጥ ነገር አለ ብሎ መመስከር ነው። ደጋኑን ሳያነሳ ገዝግዞ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

«ድገመው» አለ ፍሥሐ። በልጅነቱ ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ።

ታረቀኝ ደገመው፤ አሁንም እንደ ውሃ አፈሰሰው። ፍሥሐ ዓይኑን ገልጦ ለመቶ አለቃው አንድ ነገር አለው። ሁለቱም ሳቁ።

«ስለ አረም ነው አልኩት» አለ ወደ ቤተኛው ዞሮ። ማንም አብሮት አልሳቀም።

ጥጉ ላይ የሮብ ገበያው ገበሬ እንዳላማው ተቀምጠዋል። ታረቀኝ የልጃቸውን ሠርግ ተጫውቷል፤ ሙሽራው ዛሬ የት እንዳለ አይጠየቅም። ሽማግሌው አንድ ጊዜ አዩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጠጋ አለና «ተቀየሙኝ እንዴ?» አላቸው በሹክሹክታ።

«ምን ብዬ እቀየምሃለሁ? ደህና አድርገህ አረምክልን።»

ታረቀኝ የያዘውን ጠላ ሳይጠጣ አስቀመጠ። መሰንቆውን ወደ ማኅደሩ መክተት ጀመረ። ዝናቡም አባርቷል፤ የካሚዮኑ ጥሩምባ ከመንገዱ ተሰማ። መቶ አለቃው ተነስቶ ወጣ። ፍሥሐ በሩ ላይ ቆሞ ካፖርቱን ይቆልፋል።

እንዳላማው ዋንጫቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ተቀበል!» አሉ፤ ያንኑ ግጥም፣ ያንኑ ቃል ሰጡት።

የፍሥሐ እጅ ቁልፉ ላይ ቀረ። አንድ እግሩ ከደጃፉ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ ነው። የብርጓል ማንቆርቆሪያውን እንዳጋደለች ደርቃለች።

ታረቀኝ የደረት ኪሱን ዳበሰ፤ የይለፍ ወረቀቱ አለ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ ከፍሥሐ ትከሻ በላይ አየው። ከዚያ መሰንቆውን ከማኅደሩ መልሶ አወጣና ጭኑ ላይ አስደገፈው። ጤፉን ዘራው፤ አረሙን አስጨረሰው።

«ለዚህ የሚበጀው ጎረቤት...» አለና ደጋኑን ያዘው።