የአስተርጓሚው ዘፈን

እትዬ ባየሽ ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሕር ማዶ፣ ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር ከልጇ ከሃሴት ጋር ትኖራለች። «እርስዎ» ስላት ስለምትቆጣ «አንቺ» እላታለሁ። ሥራዋ የስልክ አስተርጓሚነት ነው፤ ሐኪሙ ያለውን ለታማሚው፣ ታማሚው ያለውን ለሐኪሙ ታደርሳለች። አዲስ አበባ ሳለች ጋዜጠኛ ነበረች። ከዚያ በፊት ደግሞ ጋዜጠኝነቱን የተማረችው ላይፕዚግ ነው፤ ጀርመንኛዋ ከዚያ የመጣ ነው። ተውኔት ተርጉማለች፣ ለሙዚቃዊ ቴአትሮች የዘፈን ግጥም ጽፋለች። ጋዜጣውን የለቀቀችው አለቃዋ አንድ ጽሑፏን ገልብጦ ስላተመው ነው። መጋዘን ውስጥ የበሰበሰውን እህል «ለዘር የተቀመጠ» አደረገውና ከሥሩ የእሷን ስም እንዳለ ተወው። በማግስቱ ያገኛት ሁሉ «አንቺም?» ይላት ጀመር። ይህን ስታወራ ዛሬም ድምፅዋ ይለወጣል።

እኔ ሀጂራ እባላለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ታኮማ ከተማ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ዕረፍት ሳገኝ በማኅበራችን የቴአትር ቡድን ውስጥ እዘፍናለሁ። አምና አዘጋጃችን ብሥራት «ሰው መሳቅ አምሮታል፤ የሚያስቅ ነገር እንሥራ» ሲለን፣ እትዬ ባየሽ ከላይፕዚግ ጀምሮ ከቤት ቤት ይዛው የዞረችውን አንድ አሮጌ መጽሐፍ አመጣች። ኦፔሬታ ነው፤ ንግግርና ዘፈን የተቀላቀለበት፣ ቀልድ የበዛበት ቴአትር። ደራሲው ኤሚል ራውትነር የሚባል፣ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ቪየና ውስጥ የኖረ ሰው ነው።

ስለዚህ ሰውዬ የምታወራው እንደ ወንድሟ ነበር። የጨርቅ ቀለም ነካሪ ልጅ ነው። ገና ጢሙ ሳያበቅል ከተማ ገብቶ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል። የዳቦ ነጋዴዎችንና ሹሞችን አንድ ላይ አድርጎ ቢነካቸው አሰሩት። ሲወጣ የሚቀጥረው ጋዜጣ ጠፋ፤ የፈረንሳይ ቧልቶችን እየተረጎመ ኖረ፣ እነሱንም ሌላ ሰው በራሱ ስም አሳተማቸው። በኋላ ለኦፔሬታ ቃል መጻፍ ጀመረ። ሕዝቡ መንገድ ላይ የሚያንጎራጉረው የእሱን ቃል ነው፤ የሚያጨበጭበው ግን ለሙዚቃው ደራሲ ነው።

«ሐውልት ያቆሙት ለሙዚቀኛው ነው» ትላለች እትዬ ባየሽ፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ እየመታች። «ለራውትነር ምን ሰጡት? ሳንሱር! ምርጥ ዘፈኑን በምረቃው ቀን ቆርጠው ጣሉበት። ሳይሰማው ሞተ። ሲሞት ማን ቀበረው? አከራዩ!»

የተቆረጠበት ዘፈን የኦፔሬታው ልብ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ የሕዝቡን ቋንቋ የማያውቅ አንድ ገዥ ወደ አንድ አውራጃ ይላካል። ሕዝቡ ደጁ መጥቶ አቤት ይላል። መካከል ላይ የቆመው አስተርጓሚ ግን ሹመቱን ስለሚወድ አቤቱታውን ሁሉ ወደ ምስጋና ይለውጠዋል። እትዬ ባየሽ ስትተረጉመው ሕዝቡ እንዲህ ይላል፦

«ጎተራው ባዶ ነው፣ ሕፃናት ተራቡ፤
ደጅ ጠንተን ሰለቸን፣ ሰሚ አጣ ሕዝቡ።»

አስተርጓሚው ወደ ገዥው ዞሮ ይሰግድና፦

«ጠግበናል ነው ’ሚሉት፣ ተትረፍርፏል እህሉ፤
ከደጅዎ መጥተው፣ ለምስጋና ዋሉ።»

ሕዝቡን የምመራው እኔ ነኝ። ገዥው ሙሂዲን ነው። ሆዱ ላይ ትራስ አስሮ፣ አስተርጓሚው በዋሸ ቁጥር ጢሙን እያሻሸ «እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው!» ሲል ልምምዱን እስክናቋርጥ እንስቅ ነበር።

አንድ እሑድ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ተክለ ጻድቅ ልምምድ ሊያዩ መጡ። አዳራሹን የሚከራዩልን እሳቸው ናቸው። የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት አላቸው፤ ብሥራትና ሙሂዲንም የሚሠሩት እሳቸው ዘንድ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሳቁ። ያ ዘፈን ሲመጣ ሳቃቸው ቆመ። ሲያልቅ ብሥራትን ወደ ውጭ ጠሩት፣ መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉበት ድረስ ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ብሥራት ዓይን ዓይናችንን ማየት ተወ። ትርኢቱ ሊደርስ ሲል በቡድናችን ዋትሳፕ ላይ «አዲሱ የሁለተኛው ክፍል ዘፈን፤ ሁላችሁም አጥኑ» ብሎ ላከ። ከፈትኩት፦

«አበራልን ፀሐይ፣ ጌታችን ሲመጣ፤
በእርስዎ ደግነት፣ ከቤት ረሃብ ወጣ።»

ይህን የሚለው አስተርጓሚው አይደለም፤ ሕዝቡ ነው! እኔ ነኝ የምለው! ወዲያው ለእትዬ ባየሽ ኮል አደረግኩ።

«እትዬ፣ ዘፈኑን ቀየርሽው እንዴ?»

«የትኛውን ዘፈን?» አለችኝ።

አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ «ዛሬ ልምምድ አለ አይደል? እየመጣሁ ነው» ብላ ዘጋችው።

ስትገባ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። አቶ ተክለ ጻድቅም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ማነው የጻፈው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ብሥራት። «ሶ... ትንሽ አለሰለስኩት እንጂ...»

«አለሰለስከው? ተራብን ያለውን ሕዝብ ጠገብን አስባልከው! አስተርጓሚው የሚዋሸው ሕዝቡ እውነት ስለተናገረ ነው። አሁን ሕዝቡ ራሱ ከዋሸለት አስተርጓሚው መድረክ ላይ ምን ይሠራል? ሻይ ያቀርባል?»

ሙሂዲን ሳቅ አምልጦት በሳል ሸፈነው። አቶ ተክለ ጻድቅ ተነሡ።

«ወይዘሮ ባየሽ፣ ይረጋጉ። እኛ የምንፈልገው አንድነት ነው። ሰው ገና ሳያየው እየደወለልኝ ነው። አንዱ ‘መንግሥትን ልትሰድቡ ነው’ ይለኛል፣ ሌላው ‘ተቃዋሚውን ነው’ ይለኛል። እኔን የሚሉም አሉ።»

«ሁሉም ራሱን ካየበት የዘፈኑ ጥፋት ምንድን ነው? ሰውዬው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እርስዎን ከየት ያውቅዎታል?»

«በቃ፣ ዘፈኑ ተቀይሯል» አሉ። «ስፖንሰር ያደረግነው እኛ ነን።»

«ኦኬ። ስሜን አውጡልኝ።»

«ፕሮግራሙ ታትሟል፣ ፖስተሩም ተለጥፏል። ደግሞ የእርስዎ ስም ሰው ይጠራል፤ ድሮ ጋዜጣ ላይ የሚያውቅዎ ብዙ ነው።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ቁጣ ብቻ አይደለም፤ የተናቀ ሰው ፊት ነበር። «ስሜን ፈለጋችሁት፣ ቃሌን ጣላችሁት» አለች። «አንድ ጊዜ እንዲህ አድርገውኝ አገሬ ላይ ዝም ብያለሁ። እዚህ ግን ዝም የምል እንዳይመስላችሁ።»

ወደ ቤቷ የወሰድኳት እኔ ነበርኩ። ዝናቡ መስታወቱን እየደበደበው በዝግታ ስነዳ፣ «ሀጂራ» አለችኝ፣ «ሐኪሙ እንዳይከፋው ብዬ ‘አመመኝ’ ያለኝን ሰው ‘ደህና ነኝ ይላል’ ብዬ ባስተረጉም ምን ይሆናል? ሰው ይሞታል። ይሄም ያው ነው። እነሱ ጨዋታ ይመስላቸዋል።»

 እኔም እየበገንኩ ነበር። ሥራ ቦታዬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዲት አሮጊት ስታለቅስ ልጇ ስልክ ሲደውል «ደስ ብሏቸው ውለዋል» በሉ የምንባልበትን ቀን።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ሌክ ሲቲ የቀረ ሰው ያለ አይመስልም። የመጀመሪያው ክፍል አማረ፣ ተመልካቹ ተንከተከተ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እትዬ ባየሽን አየኋት፤ መካከል ላይ ከሃሴት ጎን ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አትስቅም።

ሁለተኛው ክፍል ተከፈተ። ሙዚቃው ጀመረ። ሕዝብ የሆንነው ሰዎች ወደ ገዥው ቀረብን፣ ኅብረ ዝማሬው «አበራልን ፀሐይ» ብሎ ተነሣ። እኔ አፌን ከፍቻለሁ እንጂ ድምፄ አልወጣ ብሎኛል።

እትዬ ባየሽ ብድግ አለች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች፣ ያ የስልክ ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። «አስተርጓሚ ነኝና ላስተርጉምላችሁ። ይህን የሚዘፍኑላችሁ ሰዎች የሚሉት እንደዚህ አይደለም። ደራሲው የጻፈው፣ እኔም የተረጎምኩት እንዲህ ነው» ብላ ሁለቱን ስንኝ አንድም ቃል ሳትስት ተናገረች። ጎተራው ባዶ ነው። ሕፃናት ተራቡ።

ሙዚቃው ተንተባትቦ ቆመ። «ማም፣ ፕሊስ፣ ሲት ዳውን» ስትል ሃሴትን ሰማኋት። አቶ ተክለ ጻድቅ ከፊት ረድፍ ተነሥተው «አስወጧት!» አሉ። ሁለት አስተናባሪዎች ወደ እሷ ሄዱ። አንዱ ክንዷን ያዘ። የስድሳ አራት ዓመት ሴት፣ ስሟ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ባለው ፕሮግራም ላይ ታትሞ፣ ከራሷ ሥራ ላይ እየተጎተተች ወጣች! ያን ጊዜ ሃሴት ተነሣች። «ዶንት ተች ማይ መዘር!» ብላ ጮኸች፣ እናቷንም ተከትላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቤበት አላደረግኩትም። ወደ መድረኩ ጫፍ ሄድኩና ያለ ሙዚቃ ጀመርኩት። «ጎተራው ባዶ ነው...» በእኛ አገር ዜማ ነው የወጣልኝ፣ በቪየናው አይደለም። ከኋላዬ አንድ ሁለት ድምፅ ተቀበለኝ፣ ቀጥሎ ሌሎቹም። አስተርጓሚው የሆነው ልጅ ግራ ተጋብቶ ሙሂዲንን አየው። ሙሂዲን ትራሱን አስተካከለና «ምንድን ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቀው፣ ልክ እንደ ልምምዳችን። ልጁም «ጠግበናል ነው የሚሉት» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንዳንዱ ቆሞ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ ልጆቹን ይዞ ወጣ። ብሥራት መጋረጃውን አስዘጋው።

የሚቀጥለው ሳምንት ትርኢት ካንስል ሆነ። ማኅበሩ ፌስቡክ ገጹ ላይ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብሎ ጻፈ። የቴክኒክ ችግር! ቪዲዮውንም ጫኑት፤ እሷ የተነሣችበትንና እኔ የዘፈንኩበትን ቆርጠው፣ በልምምድ ጊዜ የተቀዳውን የፀሐይ ዘፈን ሰክተውበት፣ «ትርጉም፦ ባየሽ» ብለው። ከሥሩ «ይህ የእኔ አይደለም» ብላ ጻፈች፣ አጠፉት። እንደገና ጻፈች፣ ከገጹ አገዷት። ሙሂዲን የሥራ ሰዓቱ ተቀነሰበት፤ ምክንያቱን የነገረው የለም።

ብሥራት ቤቷ ድረስ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። አልተቀመጠም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው» አለ። «የምሠራው እሳቸው ዘንድ ነው፣ ታውቂያለሽ። ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ልጆች ስላሉህ አልፈርድብህም። ግን ይቅርታውን እዚህ ሳሎን ውስጥ አትጠይቀኝ። ያዋረድከኝ ሰው ፊት ነው፤ ሰው ፊት ተናገረው።»

«እሱን አልችልም።»

«እንግዲያው እኔም ይቅር ማለት አልችልም። በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው፣ ሃሴት ክፍሏ ውስጥ በኮምፒውተር ስብሰባ ላይ ናት።»

ጨከነች ያሉ አሉ። እኔ አልልም። ውርደቷን ውጣ የኖረችበትን ዘመን እነሱ አያውቁትም።

ዘንድሮ ከቡድኑ የወጣነው ስምንት ሰዎች ስካይዌይ ሰፈር አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለች ትንሽ ክፍል አግኝተናል። መጋረጃ የላትም፣ መድረክም የላትም። ባለፈው እሑድ ኦፔሬታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠራነው፣ ዘፈኑንም ሳንቆርጥ። አርባ የሚሆን ሰው መጣ። እትዬ ባየሽ ሳንጀምር ተነሥታ ስለ ኤሚል ራውትነር ተናገረች። ስለ ጋዜጣው፣ ስለ እስሩ፣ ሌላ ሰው በራሱ ስም ስላሳተመበት ትርጉም፣ ሳይሰማው ስለሞተው ዘፈን። አጭር አደርገዋለሁ ብላ ነበር፤ ግን እየተናገረች እየተናደደች፣ እየተናደደች እየረዘመባት ሄደ። ሙሂዲን ትራሱን ሆዱ ላይ እንዳሰረ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ይጠብቃል። ዝም የሚያሰኛት ሰው አልነበረም።