ጠዋት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ

የብርቱካኑ ችግኝ ቅጠል መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ እያደር ይረግፍ ጀመር። አባትየው ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል፣ ስለ ተክል ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አያውቅም። ውሃ የጠማው መስሎት በየጠዋቱ አንድ ባልዲ ሙሉ ያጠጣዋል። ቅጠሉ እንደሆነ ይብሱን ይረግፋል።

ችግኙን የተከለው ወንድ ልጁ ነበር። በተከለ በሳምንቱ በአባቱ ሞተር ሳይክል ወጥቶ ቀረ። ከቀብሩ ወዲህ ባልና ሚስት በአንድ ጣራ ሥር ተኳርፈው ይኖራሉ፤ ጨው አቀብዪኝ እንኳ የሚባለው በሴት ልጃቸው በኩል ነው። "ለእናትሽ ንገሪያት"፣ "ለአባትሽ ንገሪው"። እልኸኞች! ሐዘኑን እንኳ አብረው አላለቀሱም። ይህ ችግኝ ከደረቀ ከልጁ እጅ የቀረ ነገር የለም።

አንድ ቀን አባትየው ቆርጦ ተነሣና አፈሩን በእጁ ገለል ገለል አደረገው። የቆመ ውሃ ሽታ አፍንጫውን መታው። ሥሩ ጠቁሯል፤ ሲነካው ልጣጩ እየተገፈፈ ጣቱ ላይ ቀረ። ግንዱን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ውስጡ አረንጓዴ ነው። አልሞተም!

"ከእኔ ሌላ ውሃ የሚያጠጣው ማነው?" አላት ልጁን።

"እማዬ ናታ፣ ማታ ማታ። ምነው፣ አንተም ታጠጣለህ እንዴ?" አለችና ራሷን ያዘች። "ወይ ጉድ! ሁለታችሁ ሆናችሁ አሰጠማችሁት በሉኛ!"

አባትየው የተበላሸ ዕቃ ከሞተር እንደሚያወጣ የበሰበሰውን ሥር ቆረጠ፣ ውሃ እንዳይቋጥር አፈሩ ላይ አሸዋ ቀላቀለ፣ ከፍ አድርጎ መልሶ ተከለው። "አፈሩ እስኪደርቅ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው። ለእናትሽ ንገሪያት።"

"አልነግርም። አፍ አለህ አይደል? እኔስ ሰለቸኝ!" ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሲመሽ ሚስቱ ባልዲዋን ሞልታ ብቅ አለች። ከፊቷ ቆመ። ከስንት ጊዜ በኋላ በራሱ አፍ ሊያናግራት ነው።

"ተይ፣ አታጠጪው። ሥሩ በስብሷል። አሁን ውሃ ካገኘው አለቀለት።"

ቀና ብላ አየችው። "እኔም ያን ቀን ቁልፉን አትስጠው ብዬህ ነበር። ሰማኸኝ?"

እውነቷን ነው። "ፍሬኑን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ምንም አይሆንም" ነበር ያን ቀን የመለሰላት፣ ያውም እየሳቀባት። አሁን እሱ መርምሮ ያወቀውን በሽታ በምን አንጀቷ ትመነው?

ገለል አለላት። ባልዲውን ዘቅዝቃ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፈጠፈችው።

"ጠጣ፣ የኔ ጌታ" አለችው ችግኙን። "አባትህን አትስማው።"